በንብረት ዝርዝር የተመዘገበችው ሴት

ኔልቸን መጀመሪያ ያየኋት ዕለት ከባሏ የእንጨት ጫማ ጋር እየተጣላች ነበር። ባሏ ቶይኒስ በቦታው የለም። ክተት ከታወጀ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ጀርመን ፖላንድን ልትወር ሁለት ቀን ቀርቷታል። ቶይኒስን ጠርተው ምሥራቅ ድንበር አጠገብ ያለ ድልድይ እንዲጠብቅ ልከውታል። እሷ ደጃፏ ላይ ቆማ ጫማውን ከግድግዳው ጋር እያላተመች ጭቃውን ታራግፋለች።

«ድልድይ ጠብቅ ይሉታል» ትለዋለች ጫማውን። «ሃያ ዓመት ውሃ የጠበቀን ሰው ድልድይ ጠብቅ። ውሃውንስ ማን ሊጠብቀው ነው?»

ይሄኔ እኛ ደረስን። ስድስት ነን፤ ያረጀ ጠመንጃና ብስክሌት ይዘናል። ከእግር እስከ ራሳችን አየችን።

«እናንተ ናችሁ?» አለች።

«እኛ ነን» አልኳት።

«እንግዲህ እግዜር ይርዳን» ብላ ጫማውን ይዛ ገባች።

አልፈርድባትም። እኔ ባረንት አምስተርዳም ውስጥ የትራም ቲኬት ቆራጭ ነበርኩ፣ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው። ከእኔ ጋር የመጡት አንድ ዳቦ ጋጋሪ፣ አንድ ፒያኖ አስተካካይ፣ አንድ የክራቫት ነጋዴና ሁለት ጸሐፊዎች ናቸው። ተጠባባቂ ጦር የሚባለው እንግዲህ ይሄ ነው፤ ጎልማሶችና ቦርጫሞች፣ ወጣቶቹ ግንባር ሲሄዱ የቀረውን አገር ጠብቁ የተባልን። መዳቢዎቹ ስማችንን ባርኔጣ ውስጥ ጨምረው ያወጡን ይመስለኛል። ውሃ የሚያውቀው ድልድይ ላይ ነው፤ ከመታጠቢያ ገንዳ ሌላ ውሃ የማናውቀው ኔደርካደ በሚባል መንደር ባለው የውሃ በር ላይ።

በሩ ጦርነት ካልመጣ በቀር ሥራ የለውም። በሁለት የድንጋይ ግድግዳዎች መካከል ወንዙ ያልፋል፤ በግድግዳዎቹ ላይ ከላይ እስከ ታች የተቦረቦሩ መስመሮች አሉ። አጠገቡ ካለው ጎተራ የባሉጥ ሳንቃ ይወጣና በመስመሮቹ ውስጥ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረደራል፤ ከፊት አሥራ አራት፣ ከኋላ አሥራ አራት። ወንዙ መሄጃ ሲያጣ ማሳው ላይ ይገለበጣል። ያን ጊዜ ሜዳው ጉልበት የሚደርስ ውሃ ይሆናል፤ ለጀልባ ያንሳል፣ ለእግረኛ ደግሞ ከሥሩ ያለው ቦይ የት እንደሆነ አይታይም። ጀርመን እዚያ ላይ ይቆማል የሚል ነው ሐሳቡ።

ኔልቸ የተወለደችው እዚያው በሩ አጠገብ ካለችው የጡብ ቤት ነው። አባቷ የሳንቃ ጠባቂ ነበር። ሳንቃ መደርደሩን ከወንድሟ ከአርየን ጋር ተማረች፤ አርየን እርሻ መረጠ፣ እሷ በሩ ላይ ቀረች። አባትየው ሲሞት ግን ደንቡ ጠባቂው ወንድ ይሁን ይላልና ሥራው ለቶይኒስ ተሰጠ፤ የጫማ ሰፊ ልጅ ነበር፣ ያገባት በዚያው ዓመት ነው። ሁሉን ያስተማረችው እሷ ናት። ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ነውና ደመወዙም ማዕረጉም የእሱ ሆነ። ቶይኒስ ግን ደግ ሰው ነበር አሉ፤ ሹመቱ የማን እንደሆነ ረስቶ አያውቅም። ለክተት ሲሄድ የጎተራውን ቁልፍ አንገቷ ላይ አስሮላት «እስክመለስ ለማንም እንዳትሰጪ» ብሏታል።

ስለዚህ መቶ አለቃ ሮምባውት ቁልፉን ሲጠይቃት አልሰጠችውም።

ሮምባውት አለቃችን ነው። በሰላሙ ጊዜ ውል አዋዋይ ነበር፤ ቀጭን፣ ጨዋ፣ ከወረቀት በቀር የሚያምነው ነገር የሌለ ሰው። መጸዳጃ ቤት እንኳ የመግቢያ ሰዓት ለጥፎበት ነበር። ኅዳር ሲገባ ሁለት ትእዛዝ ይዞ መጣ። አንደኛው፣ ከበሩ በሁለት መቶ ሜትር ውስጥ ለሥራው የማያስፈልግ ሲቪል እንዳይኖር ይላል። ሁለተኛው፣ ሳንቃዎቹ እስከ ሰኞ ይውረዱ፣ ሰኞ ቀትር ኮሎኔሉ መጥቶ ያያል።

«ሰኞ ጠዋት ወደ ወንድምዎ ቤት ይዛወራሉ፣ ወይዘሮ» አላት። «ቁልፉን ለእኔ ያስረክባሉ።»

«ቤቱ እኮ የበሩ ነው» አለችው። «እኔም የበሩ ነኝ። ከዚህ ከወጣሁ ቶይኒስ ሲመለስ ቤትም ሥራም የለውም። ቦታው ክፍት ነው ብለው ለሌላ ይሰጡታል፤ እንደናንተ ዓይነቶቹን አውቃለሁ።»

«ትእዛዙ ግልጽ ነው። ለሥራው የማያስፈልግ ይላል።»

«ሳንቃውን ማን ሊያወርደው ነው ታዲያ?»

«ቁጥር ተጽፎባቸዋል» አለ መቶ አለቃው። «ወታደሮቼ መቁጠር ይችላሉ።»

ሳቀች። የሚያናድድ ሳቅ ነበራት። ከዚያ ጎተራውን በራሷ እጅ ከፍታ ቁልፉን መልሳ አንገቷ ላይ አደረገችና፣ ወንበር አውጥታ ድንች ልትልጥ ደጃፏ ላይ ተቀመጠች።

ቅዳሜ ጠዋት ጀመርን። አንዱን ሳንቃ ለማንሳት አራት ሰው ይፈልጋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልን እስከ ስድስት አወረድን፤ ሮምባውት ወረቀቱ ላይ ምልክት ያደርጋል። ሰባተኛውን ስናነሳ አንደኛው ከታች ተነስቶ፣ ሌሎቹን ሽቅብ ገፍቶ፣ እንደ አዞ ብቅ አለ። የክራቫት ነጋዴው ደንግጦ ወንዙ ውስጥ ገባ። ሃያ ዓመት ጎተራ ውስጥ የደረቀ እንጨት መንሳፈፍ እንጂ ሌላ ምን ያውቃል? እንደገና አወረድን፤ እንደገና ብቅ አሉ። ሮምባውት ደንቡን ገለጠ፤ ደንቡ ስለመንሳፈፍ የሚለው ነገር የለም።

እስከ ቀትር ስንታገል ኔልቸ ድንቿን ልጣ ጨርሳ ካሮት ጀምራለች። ከዓይኗ እኩል ሳቅ እኩል ንዴት ይታያል። እኔ ደግሞ የትራም ሰው ነኝ፤ ተሳፋሪ መቼ መውረድ እንደሚፈልግ ከፊቱ አውቃለሁ። መቶ አለቃው ሊወርድ ፈልጎ መንገዱ ጠፍቶታል።

«ጌታዬ» አልኩት ዝቅ ብዬ፣ «ሴትዮዋን ብንጠይቃትስ?»

ቆቡን አውልቆ ወደ እሷ ሄደ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ለኮሎኔሉ እንኳ እንዲያ አላወለቀም።

«ወይዘሮ ኔልቸ፣ ሳንቃዎቹ ሳይንሳፈፉ እንዲቆዩ የሚያደርግ ነገር አለ?»

«አለ» አለች ቢላዋዋን እየጠረገች። «ጠዋት ብትጠይቁኝ ይሄኔ ሾርባ ላይ ነበራችሁ።»

ከቤቷ ጀርባ ያለው የዝናብ ውሃ በርሜል ውስጥ እጇን እስከ ክንዷ አስገብታ አንድ በአንድ ታወጣ ጀመር። ስምንት የእንጨት ሽብልቅ፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ ውሃ የጠገበ። ጎተራ ውስጥ ከተቀመጠ ይደርቃል፣ የደረቀ ሽብልቅ ደግሞ ከቦታው ይሸሻል፤ የአባቷ ዘዴ ነው፣ ወረቀት ላይ የሌለ። ሳንቃው ከወረደ በኋላ ሽብልቁ በረጅም ዘንግ ከጎን ይመታና በመስመሩ ውስጥ ይቀረቀራል። ከላይ ሽቅብ በሳቡት ቁጥር ይብስ ይጠብቃል። ለማውጣት በዚያው ዘንግ ጫፍ ባለው ሜንጦ ወደ ጎን መንጠቅ ነው፤ ቦታውን ግን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ውሃ ውስጥ አይታይም።

ኔልቸ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ግድግዳው ላይ ቆመች። «ያዝ አንተ ቲኬት ቆራጭ። ግፋ። ቀስ። ባቡር አይደለም የምትገፋው።» ሲመሽ ሃያ ስምንቱም ሳንቃ በሁለት ረድፍ ቆመ፣ አልተነሳም። ግን ያፈሳል። በየስንጥቁ ውሃው እንደ ወንፊት ይወጣል። የሚደፍነው በሁለቱ ረድፎች መካከል የሚጠቀጠቅ ፍግ ነው፤ ገለባ የበዛበት የፈረስ ፍግ። አፈር ብትጨምር ታጥቦ ይሄዳል።

እንግዲህ የኔደርካደን ፈረሶች ሁሉ በክተቱ ጊዜ ጦሩ ሰብስቦ ወስዷቸዋል። የቀረ አንድ ፈረስ ነው፤ አንድ ዓይኑ የጠፋ፣ መርማሪዎቹ ያልፈለጉት፣ ብሌስ የሚባል። ባለቤቱ አርየን ነው፣ የኔልቸ ወንድም። ሳንቃው ከያዘ ደግሞ ቀድሞ የሚሰጥመው የአርየን መሬት ነው።

በዚያው ምሽት ኔልቸን ተከትዬ ሄድኩ። አርየን ሚስት ያላገባ፣ ትከሻው በር የሚያክል፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። በረቱ በራፍ ላይ ቆሞ ጠበቀን፤ ግቡ አላለም።

«ለምን እንደመጣሽ አውቃለሁ» አላት።

«አሥር ጋሪ ይበቃኛል።»

«የገዛ ሣሬን በገዛ ፍጌ ላሰጥምልሽ? በሬ ካራጁ ይውላል ሲሉ እኔን ማለታቸው ነው ለካ። አባታችን ያቀናው መሬት እኮ ነው፣ ኔልቸ።»

«በሩንም አባታችን ነው የጠበቀው።»

«በሩ ደመወዝ ነበር። ይሄ መሬት ነው። ውሃ ከተኛበት ሣር አያበቅልም።»

«አውቃለሁ» አለች። «አርየን፣ ጀርመን በሣርህ ላይ ተራምዶ ቢመጣ ሣሩ ያንተ ይሆናል?»

«ሂጂ» አላት። «ሳንቃሽ ከያዘ እዚህ ደጃፍ እንዳትደርሺ።»

ስንመለስ ከፊቴ ፈጥና ትራመዳለች። እኔ ግን በጣም ተናድጄ ነበር፤ በማን እንደሆነ እንጃ።

በማግስቱ እሑድ ነው። ኔደርካደ እሑድ ሥራ አይሠራም ስላችሁ እንደዋዛ እንዳታዩት፤ እዚያ በሰንበት ብስክሌት የነዳ ሰው እስከ ፋሲካ ይታማል። እኛ ከተሜዎቹ ግን በጆንያ አሸዋ እየሞላን ስንጥቅ ስንደፍን አረፈድን፤ አሸዋው በዚህ ሲገባ በዚያ ይወጣል። ኔልቸ በጥቁር ቀሚሷ መስኮት ላይ ተቀምጣለች። እሷም በሰንበት አትሠራም፤ ፊቷ ግን ጸሎት ላይ አይመስልም። ነገ ቀትር ኮሎኔሉ ይመጣል፣ ውሃው ግድግዳው ላይ ከተሰመረው ምልክት በታች ክንድ ሙሉ ጎድሏል፣ ዕቃዋን ግን አልጠቀለለችም።

ደወሉ ተደውሎ ምእመኑ ሲወጣ ወንዙ ዳር ባለው የግድብ መንገድ በኩል አለፈ። ሁሉም ገልመጥ አድርጎ እያየን ያልፋል። አርየን ግን ቆመ። ጥቁር ሱፍ፣ ጥቁር ባርኔጣ፣ መዝሙር መጽሐፉን በብብቱ ይዞ፣ ያን የሚያፈስ ሥራ ከላይ እስከ ታች ያየዋል። ፊቱ ላይ የነበረውን ስም ልስጠው ብል ሐፍረት ነው። ውሃ ላይ የተወለደ ሰው የሚያፈስ በር ማየት አይችልም፤ የሌላ ሰው ሱሪ ሲወልቅ እንደማየት ነው።

«ይሄን አሸዋ ማን ነው ያለው?» ሲል ጠየቀ።

«እኔ» አለ ሮምባውት።

አርየን ጀርባውን ሰጥቶት ሄደ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያ አንድ ዓይና ፈረስ ጋሪ ሙሉ ፍግ እየጎተተ በግድቡ ላይ ብቅ አለ። ከላይ የተቀመጠው አርየን የሰንበት ሱፉን አላወለቀም። ገና ያልተበተነው ምእመን መንገድ ዳር ቆሞ አፉን ከፍቷል። ቄሱ ራሳቸው «አርየን፣ ዛሬ ሰንበት ነው» አሉት።

«በሬ ጉድጓድ ሲገባ በሰንበትም ይወጣል ተብሏል» አላቸው።

«እሱ ስለ ማውጣት ነው የተነገረው።»

«እኔ ማስገባት ነው የያዝኩት። ለእሱ ራሴ እጠየቅበታለሁ።» ከጋሪው ወርዶ መንሹን አነሳ። ከዚያ ወደ እህቱ መስኮት ዞሮ፣ «መሬቴ ካልቀረለት በደንብ ይስጠም» አለ። «ግማሽ የሰጠመ መሬት ለላምም ለዳክዬም አይሆንም። ለጀርመን ነው የሚሆነው። ምን ያስቀምጥሻል? ነይ እንጂ።»

ኔልቸ በጥቁር ቀሚሷ ወጣች። እያለቀሰች ነበር፤ እያለቀሰች ደግሞ ትሰድበዋለች፣ ለምን ትላንት አላመጣህም እያለች። እስኪመሽ አሥራ ሁለት ጋሪ ጠቀጠቅን። ፒያኖ አስተካካዩ በእነዚያ ቀጫጭን ጣቶቹ ፍግ ሲያድበለብል አይቻለሁ። ፍሳሹ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ፣ ወንዙም ዝም አለ። በማግስቱ ጠዋት ውሃው በአርየን ሣር ላይ እንደ ሉህ ተዘርግቶ ነበር።

ኮሎኔሉ መጥቶ ምልክቱን አይቶ «ጥሩ ሥራ» አለ። ከዚያ መስኮቱ ላይ መጋረጃ አየና፣ «ሲቪል አለ እንዴ?» ሲል ሮምባውትን ጠየቀ።

ሮምባውት መዝገቡን ገለጠ። ሌሊቱን የጻፈውን እኔ ኋላ አንብቤዋለሁ። የበሩ ንብረት ዝርዝር ይላል፦ ሳንቃ ሃያ ስምንት፣ ሽብልቅ ስምንት፣ ባለ ሜንጦ ዘንግ ሁለት፣ የጠባቂው ሚስት አንድ። ከጎኑ «ከቦታው የማይነቀል» ብሎ ፈርሞ ማኅተም አድርጎበታል። ኮሎኔሉ አነበበና ትንሽ አስቦ፣ «ማኅተም አለበት» ብሎ ሄደ።

«ከሽብልቅ ቀጥሎ ነው ያስገቡኝ?» አለችው ኔልቸ ስትሰማ።

«ከዘንጉም ቀጥሎ ነው» አላት። የመጀመሪያ ቀልዱ ይመስለኛል።

የብርዱን ወራት እንዲያ አለፍን። የአርየን ቤት ውሃ ስለገባበት እሱም ፈረሱም ኔልቸ ዘንድ ተጠጉ። ደጃፌን እንዳትረግጪ ያለው ሰው የእሷን ደጃፍ በቀን ሃያ ጊዜ ይረግጣል፤ እሷም ሳታነሳበት አታልፍም። «ጫማህን አውልቅ፣ የራስህ ደጃፍ መሰለህ?» ትለዋለች። እኛ የአተር ሾርባዋን እየበላን እንስቃለን። ከቶይኒስ በየሳምንቱ ደብዳቤ ይመጣ ነበር፤ ድልድዩ አይንቀሳቀስም፣ አሰልቺ ነው ይላል።

ግንቦት ላይ ጦርነቱ መጣ። አምስት ቀን ቆየ። ወደ እኛ በኩል አንድም ጀርመናዊ በእግሩ አልመጣም፤ ውሃው ሥራውን ሠርቷል። በሰማይ ግን ከላያችን አለፉ፣ ለእሱ ሳንቃ የለንም። ሮተርዳምን ሲያቃጥሉ ጦራችን እጅ ሰጠ። በማግስቱ የመንደሩ ሹም በብስክሌት መጥቶ ለኔልቸ ነገራት፤ ቶይኒስ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ድልድዩ ላይ ወድቋል። ገብታ የእንጨት ጫማዎቹን አውጥታ ውሃ ቀድታ አጠበቻቸው። ጭቃ እንኳ አልነበረባቸውም። እኔ ከቤቱ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ፤ ያን ሰው አይቼው አላውቅም።

ትጥቅ ፈተን ጎተራው ውስጥ እንድንቆይ ታዘዝን። ሮምባውት ያን ዕለት መዝገቡን ይዞ ምድጃው አጠገብ ብዙ ተቀመጠ። ከዚያ የንብረት ዝርዝሩን ገጽ ቀደደና እሳት ውስጥ ጨመረው። ዕድሜውን ሙሉ ወረቀት ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው።

በማግስቱ አንድ የጀርመን መኮንን ወታደሮችና አስተርጓሚ አስከትሎ መጣ። ወጣት ነው፣ ትሑት። ሜዳው ዛሬውኑ እንዲደርቅ ይፈልጋል፤ መንገዱን ለመኪኖቹ ፈልጎታል። ሳንቃውን በሰንሰለት አስረው በከባድ መኪና ሳቡት። በሳቡት ቁጥር ጠበቀ። ሰንሰለቱ ተበጠሰ። መኮንኑ ወደ ሮምባውት መጣ።

«ሰነድ አለ?»

«የለም» አለ ሮምባውት። «እኔ ውል አዋዋይ ነኝ፣ እንጨት አላውቅም።»

ወደ እኔ ዞረ። «እኔ ቲኬት ነው የምቆርጠው» አልኩት። ዳቦ ጋጋሪው ስለ ዳቦ ነገረው። ኔልቸ ከዘንጎቹ አጠገብ ቆማ ልብስ ታሰጣለች፤ ሜንጦው ከራሷ በላይ ተሰቅሏል። አስተርጓሚው «ይቺስ?» አለ። መኮንኑ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። «ሴት ናት» አለ። ደንባችን ሃያ ዓመት የበደላት በዚያ ቃል ነበር፤ ያን ቀን ግን ጋሻ ሆናት።

የቀረው አርየን ነው። ግድቡ ላይ ተቀምጦ ፒፓውን እያጨሰ ውሃ የተኛበትን መሬቱን ያያል። አንድ ሳምንት ከዘገየ የዘንድሮው ሣር እንደማይገኝ ያውቃል። ሽብልቁ የት እንዳለም ያውቃል። እኛ የምናጣው ነገር የለንም፤ እሱ ነው ያለው። ኔልቸ የያዘችውን አንሶላ ገመዱ ላይ ሳትሰቅል ቆመች።

«ይሄ መሬት የማን ነው?» አለው አስተርጓሚው።

«የኔ።»

«እንዲደርቅ አትፈልግም?»

«እፈልጋለሁ።»

«ታዲያ ሳንቃው እንዴት እንደሚወጣ የሚያውቅ ማን ነው?»

አርየን ፒፓውን ከአፉ አወጣ። «ያውቅ የነበረው ድልድይ ላይ ነበር» አለ። «እናንተ ገደላችሁት።» ከዚያ ፒፓውን መለሰ። ዝም አይነቅዝም፤ ሌላ ቃል አልተገኘበትም። ኔልቸ አንሶላውን ሰቀለች።

ሳንቃዎቹን ከላይ ወደ ታች በመጋዝ መቁረጥ ነበረባቸው። ዘጠኝ ቀን ፈጀባቸው። የአርየን ሣር በዚያው ቀረ።

ሰኔ ላይ ስለቀቅ በብስክሌት ሄጄ ጠየቅኋቸው። አርየን ጭቃው ላይ ጎንበስ ብሎ ቦይ ይጠርጋል። ኔልቸ ከቤቱ ጀርባ ይዛኝ ሄደችና እጇን እስከ ክንዷ በርሜሉ ውስጥ አስገባች። ጀርመኖቹ በሄዱ ማግስት ወንድምና እህት ሽብልቆቹን በሜንጦ አውጥተዋቸው ኖሯል።

«ቁጠር» አለችኝ።

ቆጠርኩ። ስምንት ናቸው።

«ሳንቃ ከባሉጥ እንደገና ይሠራል» አለች። «ቀጣዩ መቶ አለቃ ሲመጣ ሽብልቅ ጎድሏል እንዳይል።» ከዚያ አንድ በአንድ መልሳ ውሃው ውስጥ ከተተቻቸው።